ሁለተኛው መርፌ

«ይህንን መርፌ እኮ ቀን ወግታችሁት ነበር፣ እህቴ።»

ይህን ያለችኝ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ናት። ክስ አልነበረም። ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደታቀፈች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጋ ተናገረችው። እኔ ግን መድኃኒቱን ገፍቼ ጨርሻለሁ፤ ባዶው ስሪንጅ በእጄ ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ከ20፣ ክፍሉ የሕጻናት፣ እኔ ከተመረቅሁ ገና አራተኛ ወሬ ነበር።

መድኃኒቱ ጄንታማይሲን ነው፤ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በቀን አንድ ጊዜ እንዲሰጥ የታዘዘ፣ ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ። የልጁ ሰዓት ጠዋት ነበር። ጠዋት ፋርማሲው ስላልነበረው አባትየው ከውጭ ገዝቶ እስኪመለስ ቀኑ ተጋመሰ፤ የቀኗ ተረኛ ከሰዓት በኋላ ሰጠችውና ካርዱ ላይ ሳትፈርም ወጣች። ርክክባችን እንደተለመደው በቁም ነበር፤ እሷ ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ቦርሳዋን አንግታ፣ እኔ የጋውኔን ቁልፍ እየቆለፍሁ። ማታ የፊርማውን ቦታ ባዶ ሆኖ ሳየው «አልተሰጠም» ብዬ ሰጠሁ።

ለማንም አልተናገርሁም።

ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ አልጋ አልራቅሁም። ጡት እንድታጠባው ደጋግሜ ነገርኋት፤ ሽንቱን ቆጠርሁ፤ ትኩሳቱን ሳያስፈልግ በየሰዓቱ ለካሁ፤ ጆሮው አጠገብ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ አቃጨልሁ። ተኝቶ ስለነበር ምንም ምልክት አልሰጠኝም። ጎሕ ሲቀድ እናቲቱ እጄን ይዛ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እንዳንቺ ያለች ነርስ አይቼ አላውቅም» ብላ መረቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ምርቃት ያቃጠለኝ ስድብ ግን የለም።

ዝም ያልሁበትን ምክንያት አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ከሦስት ቀን በፊት አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ የአንድ ሕመምተኛ የደም ናሙና መላክ ረስታ በጠዋቱ ራውንድ ላይ ተገኘችበት። ሐኪሞቹ፣ ተማሪዎቹ፣ አስታማሚዎቹ፣ አጠገብ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ እየሰሙ «አንቺን ማን ነው ያስመረቀሽ?» ተባለች። አላለቀሰችም። አንሶላ ወደሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ገብታ ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። እዚያ የቆምነው ጀማሪዎች በዚያች ደቂቃ የተማርነው ናሙና በሰዓቱ መላክን አይደለም። የተማርነው አለመገኘትን ነው።

ሆስፒታሉን አልጠራም። ከጎንደር ውጭ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎችም ሌሎች ናቸው። እኔም ወደ ተወለድሁባት ከተማ ተመልሼ እዚሁ ነርስ ሆኜ ስኖር ዓመታት አልፈዋል። ይህን አሁን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጊዜ የተቀመጥሁበት ሥልጠና ነው። ርእሱ ለነርሶች ምቹና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ስለመፍጠር ነበር። ሥርዓቱን የምታውቁት ነው፤ ባነር፣ የሆቴል አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃ፣ ስም የሚሞላበት ወረቀት፣ የሻይ ሰዓት። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነበሩ። ስለ ጓንት፣ ስለ እጅ መታጠቢያ፣ ስለ ወንበር ቁመት፣ በመጨረሻም ስለ ፈገግታ ነገሩን። እኔም አጨበጨብሁ። ጓንትን አላቃልልም፤ ጓንት ባለቀበት ሌሊት አዋልዶ የሚያውቅ ሰው ጓንትን አያቃልልም። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስለ ደኅንነት ስንነጋገር «ስህተት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ለእኔ ደግሞ የነርስ የሥራ ቦታ ደኅንነት የሚለካው እዚያ ላይ ነው፤ የአራት ወር ተመራቂዋ ከምሽቱ 2 ከ20 ላይ «ሁለት ጊዜ ሰጠሁት» ብላ ተናግራ በማግሥቱ ወደ ሥራ መመለስ ትችላለች ወይ?

በየኮሪደሩ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ስለመሆን የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ይኸው ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሕመምተኛን ማመናጨቅ የለመደ ባለሙያ እንዳለም አውቃለሁ። ግን ጠዋት በሰው ፊት የተዋረደች ነርስ ከሰዓት በኋላ ርኅራኄውን ከየት ትቀዳለች? እንስራው ባዶ ነው። ማስታወቂያው ነርሷ ለሕመምተኛው ምን እንድትሆን ይነግራታል፤ ለእሷ ማን ምን እንዲሆንላት የሚናገር ሌላ ማስታወቂያ አጠገቡ አላየሁም።

የእኛ የጎንደሮች ጣጣ ደግሞ ተጨማሪ ነው። ያደግሁት ታላቅ ሲገባ «ኖር» ብለው በሚነሡበት፣ ሽማግሌን «አንቱ» በሚሉበት፣ ነገርን ፊት ለፊት ማፍረጥ ብልግና በሆነበት ቤት ነው። ቅኔ በሚዘረፍባቸው አድባራት ጥላ ሥር ያደገ ልጅ ቅኔውን ባይማረውም ነገርን በሰም ሸፍኖ ማቅረብን ከአየሩ ይስበዋል። እኔም ስቤዋለሁ። አንድ ሌሊት አንድ ወጣት ሐኪም ያዘዘው የመድኃኒት መጠን ከሚገባው አሥር እጥፍ ሆኖ አየሁት፤ ነጥቧ ያለ ቦታዋ ወድቃ ነበር። «ተሳስተዋል» አላልሁትም። ያልሁት «ዶክተር፣ ይህን ለማዘጋጀት ስንት አምፑል ልክፈት?» ነው። በሰሙ ስለ አምፑል፣ በወርቁ ስለ ነጥቧ። ዕድለኛ ነበርን፤ ገባው፤ ካርዱን ተቀብሎ አስተካከለና አንገቱን ደፋ። ሌላ ሌሊት፣ ሌላ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ግን ሰሙን ብቻ ሰምቶ «ስምንት ክፈቺ» ሊል ይችላል። ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድም ቅኔው እስኪፈታ አትጠብቅም።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን አንድ አነጋገር አለ፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሎች የገባ ነው። ነርሷ ለሐኪሙ ስትደውል አራት ነገር በቅደም ተከተል ትናገራለች፤ አሁን ያለው ሁኔታ፣ ከዚህ በፊት የነበረው፣ የእሷ ግምገማ፣ በመጨረሻም የምትጠይቀው። ሦስቱ ቀላል ናቸው። አራተኛው ጉሮሮ ላይ ይቆማል። «የደም ግፊቷ እየወረደ ነው» ማለት ለማንም አይከብድም፤ «አሁኑኑ እንዲመጡ እፈልጋለሁ» ማለት ግን የጎንደርን አስተዳደግ ሁሉ መርገጥ ይመስላል። በክፍላችን ይህን ለመልመድ አንሶላ ማስቀመጫዋ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዷ ሐኪም አንዷ ነርስ እየሆነች ተለማመድን። ሐኪም የሆነችው ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ትቆጣ ነበር። ብዙ ስቀናል።

ስለ ስምም ላንሣ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር የሚያዝ መስመር አለ። ዝርዝሩ በስምንት የዓለም ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ሰዎች ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደዋል። ያንን ሁሉ ያደረገው ስም መጥራት ብቻ ነው አልልም፤ ዝርዝሩ አንቲባዮቲኩንም፣ የሚቆጠረውን ጨርቅም፣ የሚቀደደውን ጎንም ያካትታል። ነገር ግን ስሟን ተናግራ የጀመረች ነርስ ኋላ «አንድ ጨርቅ ጎድሏል» ለማለት አፏ አንድ ጊዜ ተከፍቷል። እኛ ዘንድ ነርስ «ሲስተር» ናት፤ በቃ። አብረዋት አሥር ዓመት የሠሩ ሐኪም የአባቷን ስም ይቅርና የራሷን ስም የማያውቁበትን ጊዜ አይቻለሁ። ለነገሩ ሕመምተኞቻችንም ሴት ሐኪሟን «ሲስተር»፣ ወንዱን ነርስ «ዶክተር» ይላሉ። ወንዱ ነርስ ደግሞ አንዳንዴ አያርማቸውም።

ይህ ሁሉ ደረጃና ርቀት ከጥንት አብሮን የኖረ እንዳይመስላችሁ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ ነው። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን ነበር፤ እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ታስቦ። ያ ልማድ እስከ እኛ ዘመን ድረስ በቡድን ሥልጠና መልክ ቆይቷል፤ የሕክምና፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላቦራቶሪ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ላይ ወደ አንድ የገጠር ከተማ ይሄዳሉ፤ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ አብረው ቤት ለቤት ይዞራሉ። እኔም ወርጄ ነበር። ሽሮ በተራ እናበስል ነበር። አንድ የሕክምና ተማሪ ጨው እያበዛ ያስቸግረን ስለነበር አንድ ቀን የላቦራቶሪዋ ልጅ ማማሰያውን ከእጁ ነጥቃ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ዕቃ ታጥባለህ» አለችው። ታጠበ። ማንም አልተቀየመም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ልጅ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ከኋላው ተማሪ አስከትሎ ሲሄድ አገኘሁት። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ሳላስበው «እርስዎ» አልሁት። እሱም አላረመኝም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ማለት የቻልን ሰዎች መጠኑ በዝቷል ማለት ያቃተን የት ላይ ነው? ይህ ጥያቄ አሁንም አልወጣልኝም።

በ1990ዎቹ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የሆስፒታል ክፍሎችን ሲያጠኑ፣ ጥሩ የሚግባባ ቡድን ያለበት ክፍል የመድኃኒት ስህተቱ ያነሰ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። ቁጥሩ የመጣው በተቃራኒው ነው፤ ጥሩ የተባሉት ክፍሎች የተመዘገበ ስህተታቸው በዛ። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ክፍሎች ከሌሎቹ የበለጠ የሚሳሳቱ ሆነው አይደለም፤ የሚናገሩ ስለሆኑ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ የለም ማለት ሳይሆን አንሶላ ክፍል ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያ የመጀመሪያው ሆስፒታሌ ትዝ አለኝ። የሩብ ዓመት ሪፖርታችን ላይ በ«የመድኃኒት ስህተት» አንጻር የሚሞላው ሁልጊዜ ዜሮ ነበር። ዜሮውን በቀይ ስክሪፕቶ የሚያሰምሩበትና የሚኮሩበት ሰው ነበሩ።

ዝምታው የሚጎዳው ሕመምተኛውን ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ነርስ መታጠቢያው ጋ ቆማ እጇን በጣም ለረጅም ጊዜ ስትታጠብ አየኋት። አየት አድርጌ አለፍሁ። ስመለስም አለች። ጠጋ ብዬ ስጠይቃት መርፌ ወግቷት ነበር፤ የተጠቀመችበትን መርፌ መልሳ ስትከድን። መልሶ መክደን ክልክል ነው፤ ያገለገለ መርፌ እንዳለ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ያ ቢጫ ካርቶን ውስጥ ነው የሚገባው። ካርቶኑ ግን ሞልቶ ከአፉ ይፈስስ ነበር። ልጅቱ የፈራችው ኤችአይቪን አልነበረም፤ «ለምን ከደንሽ?» መባልን ነው። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም በነካ መርፌ የተወጋ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ያህል ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የመከላከያው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እያንዳንዱ የዝምታ ሰዓት ከዚያ 72 ላይ ይቀነሳል። እሷ እጇን ስትታጠብ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ባላያት ኖሮ ስንት ያልፍ እንደነበር አላውቅም፤ አንዴ አይቻት አልፌ እንደነበርም አልረሳሁም።

ስለ ሌላው፣ ሁሉም ስለሚያወራው ነገር ብዙ አልጽፍም። ነርስ ታንሳለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 27.9 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ ገልጿል፤ ጉድለቱ አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። የተረኝነት ክፍያ ይዘገያል። በሰዓት እላፊ ወቅት ባጃጅ ሲቆም አዳሪዋ ተረኛ ካልመጣች የቀኗ ተረኛ ታድራለች። ሐዘን ያበደው አስታማሚ ለመጀመሪያ የሚያገኘው ፊት የነርስ ፊት ነውና ጡጫውም እዚያ ያርፋል፤ በር ላይ ጥበቃ መኖሩ ግድ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መፍትሔውም ገንዘብና ሥልጣን ካላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ገንዘብ ስለማይጠይቀውና እንዲያውም በዚያው ምክንያት ማንም ስለማይቆጥረው ነገር ነው።

ወደ ጄንታማይሲኑ ልመለስ። ከዓመታት በኋላ አራዳ አካባቢ አንድ ልቅሶ ቤት የያኔዋን የቀን ተረኛ አገኘኋት፤ ያቺ ሳትፈርም የወጣችውን። ጡረታ ልትወጣ ተቃርባለች። በሌላ ቀን ቤቷ ቡና ጠራችኝ። አቦሉ በልጆቻችን ወሬ አለቀ፤ ቶናው በኑሮ ውድነት። በረካው ሲቀዳ ምን እንደገፋኝ ሳላውቅ ነገርኋት። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች።

«እኔም» አለች።

«አንቺም ምን?»

«በዚያው ክፍል። ከአንቺ በፊት ባለው ዓመት። መድኃኒት ከውጭ ተገዝቶ ሲመጣ ሰዓቱ ይዛወራል፤ ካርዱ ላይ ግን የድሮው ሰዓት ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ሰጠሁ። ለማን ልናገር?»

ዝም ብለን ተያየን። እሷ ተናግራ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ሰዓቱ የተዛወረ መድኃኒት ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፍ» ይል ነበር። ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቀይ ስክሪፕቶ። እኔም ተናግሬ ቢሆን ከእኔ በኋላ ያለችው… ከእኔ በኋላ ማን እንደነበረች አናውቅም። ስህተቱ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተረኝነት ሲተላለፍ ኖሯል፤ ርክክብ የተደረገበት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ያለሁበት ክፍል ኃላፊ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ናቸው። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት በጠዋቱ ርክክብ ላይ፣ ምንም መግቢያ ሳያበጁ «ትናንት እኔ የሳትሁትን ልንገራችሁ» አሉ። ካልሲየም መስሏቸው ፖታሲየም አንሥተው ነበር፤ ከመክፈታቸው በፊት አምፑሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስላነበቡት ዳኑ። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ ደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። በዚያው ቀን ፖታሲየሙ ለብቻው ቁልፍ ወዳለበት ሣጥን ተዛወረ። እኛ ግን ስለ ሣጥኑ አይደለም ሻይ ላይ ያወራነው። በሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ነርስ፣ ኃላፊ፣ በተማሪ ፊት «ሳትሁ» አሉ። አንደኛችን «ታመዋል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ቀጥሎ ደብተር መጣ። ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው፤ የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። የሆነው ነገርና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። አንድ ነገር ሲነገራቸው እትዬ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሕመምተኛው እንዴት ነው?» ነው። ከዚያ «አንቺስ?» ይላሉ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ። ማን እንዳደረገው ብዙ ጊዜ ሳይጠይቁ ይቀራል፤ ቀድሞ ይታወቃልና። ተግሣጽ ካለ በር ተዘግቶ ነው፤ አልጋ አጠገብ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሐኪም ካለም፣ እትዬ አጠገቡ ሄደው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ እስቲ ቢሮ እንሂድ» ይሉታል። እስካሁን እምቢ ያለ የለም። «አንቱ» የመባል ጥቅሙን ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው እትዬ ሁሉን ይቅር የሚሉ ለስላሳ ሰው ይመስሉት ይሆናል። አይደሉም። አንድ ባልደረባችን የስድስት ሕመምተኞችን የደም ግፊት ሳይለካ «ለካሁ» ብሎ ቁጥር ፈጥሮ ሞላ። እትዬ በዚያው ቀን ጉዳዩን በጽሑፍ ወደ አስተዳደር መሩት፤ ልመናም አልሰሙም። መሳት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ያደረገ ክፍል ውሸቱን ያበዛል ይላሉ። አንዳንዶቻችን ጨከኑ ብለን ነበር። እኔም ብያለሁ። ኋላ ግን ከእነዚያ ስድስቱ አንዷ አክስቴ ብትሆን ብዬ አሰብሁት።

ደብተሩ በመጀመሪያው ወር ሁለት ነገር ብቻ ተጻፈበት፤ ሁለቱም በእትዬ እጅ። በሦስተኛው ወር አስተዳደሩ ሪፖርት ሲጠይቅ የእኛ ክፍል ቁጥር ከሌሎቹ በልጦ ተገኘና «ምን ሆናችሁ?» ተባልን። እትዬ ሄደው ምን እንዳሉ አልነገሩንም። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ ነበር፤ ደብተሩን ግን አልደበቁትም።

ባለፈው ሰኞ ሌሊት እኔ ነበርሁ ትልቋ ተረኛ። ሊነጋጋ ሲል፣ ከአድባራቱ የኪዳኑ ድምፅ በመስኮት በሚገባበት ሰዓት፣ አዲሷ ልጅ መጣችና ከፊቴ ቆመች። «እትዬ፣ የአልጋ ሰባትን ግሉኮስ ለአልጋ ዘጠኝ ሰቅየዋለሁ» አለችኝ። እኔን እትዬ አለችኝ፤ ለካ ደርሻለሁ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ፊቴ ላይ የወጣው ቁጣ ነው። አልጋ ዘጠኝ ስኳር በሽተኛ ናቸው። ልጅቱ ፊቴን አየችው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል እኔም አየኋት። ያንን ፊት ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ሠልጥኜበታለሁ፤ በሆቴል አዳራሽ አይደለም።

«እንዴት ናቸው?» አልሁ፤ ድምፄ እንደምፈልገው አልወጣም። አብረን ሄድን። ቆልፋዋለች፤ የገባው ጥቂት ነው። ስኳራቸውን ለካን፤ ሐኪሙን ጠራን፤ ለአዛውንቱም የሆነውን ነገርናቸው። «ልጄ፣ ሰው አይደለሽ?» አሏት። ከዚያ እሷን አስቀምጬ ሻይ ቀዳሁላት። ደብተሩን ስታመጣው ለመጻፍ የቀረው ገጽ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷ ጽፋ ጨረሰችው። ከመጋዘን አዲስ ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥሁና፣ ለምን እንደሆነ ሳላስረዳት፣ ከላይ «ጄንታማይሲን፣ ከምሽቱ 2 ከ20» ብዬ ጀመርሁ። ዓመቱንም ጻፍሁ። ስሜንም።

ትከሻዬ ላይ ሆና ስታነብ ቆየች።

«ልጁ ምን ሆነ?»

«በሦስተኛው ቀን እናቱ አዝላው ወጣች» አልኋት። «ይሰማ እንደሆነ አላውቅም።»